ጋሽ ይመርና የግድግዳው ኮድ

«ያ ኮዱ አልሠራ ያለው ሽማግሌ እኮ ሞተ» አለኝ የሂሳብ መምህሩ፣ ኮቦ ገበያ ውሎ በተመለሰ ማግስት። ሮቢት ባለው ትምህርት ቤታችን የመምህራን ክፍል ተቀምጬ የፈተና ወረቀት አርም ነበር። የትኛው ሽማግሌ ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም። መቼ ብቻ አልኩት። ቀብሩ ከትናንት ወዲያ ነበር አለኝና ስለ ሽንኩርት ዋጋ ማውራት ቀጠለ።

ሞታቸው አሳዘነኝ፤ ያናደደኝ ግን አጠራሩ ነው። ከጎብዬ እስከ ዋጃ ባለው መንገድ ዳር ዕድሜያቸውን ሙሉ ታፔላ ሲጽፉ የኖሩ ሰው፣ በሞቱ በሦስተኛው ቀን የሚታወሱት አልሠራ ባለ አንድ ኮድ ነው። ንዴቱን ያባሰብኝ ደግሞ ያ ስም እንዲወጣላቸው ያደረግሁት እኔ መሆኔን ማወቄ ነው። እሱ ይህን አያውቅም። ያኔ ከእኔ፣ ከሳቸውና ከኮቦው ዳይሬክተር በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ አስብ ነበር።

ጋሽ ይመር ረዥም፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሰው ነበሩ። ኮቦ ውስጥ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብላ የምትገኝ የቆርቆሮ ክፍል ነበረቻቸው፤ ውስጧ ሁልጊዜ የዘይት ቀለምና ናፍጣ ይሸታል። ከሰው ጋር ሲነጋገሩ ዐይናቸው ሰውየው ላይ አያርፍም። ከጀርባው ጽሑፍ ካለ እሱን ያነባሉ። ሰላምታውን ሳይጨርሱ «ያቺ ‹ፀ› ወገቧ ተሰብሯል» ብለው ሰውን ግራ ሲያጋቡ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

እኔና እሳቸውም የተዋወቅነው በቁጣ ነው። ኮቦ የኮምፒውተር መምህርት ሆኜ በተመደብኩ በመጀመሪያው ወር የምዝገባ ማስታወቂያ አትሜ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ለጥፌ ነበር። ስወጣ አንድ ሽማግሌ ፊቱ ቆመው ይህን ማን ለጠፈው እያሉ ዘበኛውን ያፋጥጡታል። እኔ ነኝ አልኳቸው። ወረቀቱ ወደ ግራ አንድ ጣት ያህል መዝመሙን አሳዩኝ። ይሆናል ብዬ ነው ስላቸው «‹ይሆናል› አይሆንም» አሉኝና ነቅለው፣ አቃንተው፣ መልሰው ለጠፉት። ይህን ቃል ከዚያ በኋላ ደንበኞቻቸው ላይ ሲጮኹበት ስንት ጊዜ እንደሰማሁ አልቆጥረውም። ቶሎ ይድረስልኝ፣ ለሠርግ ነው፣ ለምረቃ ነው፣ እንዲያው ይሆናል የሚል ሰው ከመጣ ሥራውን ከነላሜራው መልሰው ያስታቅፉታል።

አንድ ጊዜ ዋጃ ድረስ በአውቶቡስ ሄደው በልጅነታቸው የጻፉትን የመድኃኒት ቤት ታፔላ አርመው መጥተዋል። ‹መድኃኒት› የሚለውን በሌላው ‹ሀ› ጽፈውት ኖሯል። ባለቤቱ ማንም አላስተዋለውም፣ ለምን ይደክማሉ ቢላቸው፣ በመኪና ባለፍኩ ቁጥር እኔ አየዋለሁ ብለው መሰላል እንዲሰጣቸው ጠየቁት። ይህን ያጫወቱኝ ሰዎች ሲስቁ ነበር። እኔም ስቄያለሁ።

የኮዱ ነገር የመጣው እንዲህ ነው። በዚያ ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ብዙ ወራት ያለ ትምህርት ያለፈባቸው፣ መጽሐፉም ለአራት አንድ የሚደርሳቸው ነበሩ። ስለዚህ የመምህራኑን ማስታወሻና የድሮ ጥያቄዎችን ሰብስቤ በትምህርት ቤቱ ስም አንዲት ድረ ገጽ ከፈትኩ። አድራሻዋ ረዘም ስለሚል ተማሪው አንድ ፊደል ሲስት ሌላ ቦታ ይገባል። መላው ኪውአር ኮድ ነው፤ ያ ስልክ ሲደግኑበት ቀጥታ ወደ ድረ ገጹ የሚወስደው፣ በጥቁርና በነጭ ካሬዎች የተሞላ ምልክት። አትሜ በሩ ላይ ለጠፍኩት። የመጀመሪያውን የኮቦ ፀሐይ በሳምንት አነጣው። ሁለተኛውን ነፋስ ቀደደው። ሦስተኛውን፣ በዱቄት ሙጫ የተለጠፈውን፣ ፍየል በላችው። ዳይሬክተራችን በዚህ ሲበሳጭ አንድ ቀን ለምን ይመር ግድግዳው ላይ አይጽፈውም አለ።

ጋሽ ይመር መጀመሪያ አልፈልግም አሉ። ወረቀቱን ገልብጠው አዩት፣ አዙረው አዩት፣ ማንበብ የማልችለውን አልጽፍም አሉ። እያንዳንዱ ካሬ ትርጉም እንዳለው፣ ሦስቱ ትልልቅ ማዕዘኖች ስልኩ ወዴት እንደሚያይ የሚያሳዩ መሆናቸውን፣ ሌሎቹ ደግሞ አድራሻውን እንደያዙ አስረዳኋቸው። ከዚያም እንዲጠነቀቁ ብዬ አንድ የማያስፈልግ ነገር ጨመርኩ፦ አንድ ካሬ ከተሳሳተ ሌላ ቦታ ይወስዳል አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ጥቂት ካሬ ቢበላሽም ኮዱ ይሠራል፤ እንዲሠራ ሆኖ ነው የተፈጠረው። እኔ ግን አጋነንኩት። ያቺ ቃል ከዘበኛው ጀምሮ ከተማውን ሁሉ አዳረሰች።

ሦስት ቀን ፈጀባቸው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት፣ ሙቀቱ ቀለሙን ሳያቀልጠው። ግድግዳውን ነጭ ቀብተው፣ ኖራ የተነከረ ክር ወጥረው ሃያ አምስት በሃያ አምስት ሸነሸኑት። ዳይሬክተሩ ዙሪያውን ባለ ሦስት ቀለም ሐረግ ይደረግበት ብሎ ነበር። ዙሪያው ባዶ ነጭ ካልሆነ ስልኩ አይለየውም ስል፣ እሳቸው ፊደልም መተንፈሻ ይፈልጋል ብለው ዳይሬክተሩን ዝም አሰኙልኝ። ሲያልቅ ስልኬን ደገንኩበትና ድረ ገጹ ተከፈተ። ከመሰላሉ ወርደው ስክሪኑን አዩት፣ ግድግዳውን አዩት፣ እንደገና ስክሪኑን አዩት። ያን ቀን ብሩሻቸውን ሲያጥቡ ሲያንጎራጉሩ ሰማኋቸው።

ወሬው በአስፋልቱ ተጓዘ። የጎብዬው አቶ ካሳው፣ የካፌ ባለቤት፣ መጥቶ ግድግዳውን አይቶ የካፌውን ገጽ የሚከፍት ኮድ በላሜራ ላይ እንዲጽፉለት አዘዘ። ሌሎችም ጠየቁ። የባነር ማተሚያው ሥራቸውን ከወሰደባቸው ወዲህ ጋሽ ይመር የባጃጅ ጎን ቁጥር እየጻፉ ነበር የሚውሉት። አሁን ሥራቸውን የቀማው ያው የኮምፒውተር ነገር መልሶ ወደሳቸው ሰው አመጣላቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ተማሪዎቼ ኮዱ ሌላ ቦታ እየወሰደን ነው አሉኝ። ደገንኩበት። የሆነ የውጭ ድርጅት ገጽ ተከፈተ፤ የሙከራ ጊዜዎ አልቋል፣ ኮዱ እንዲቀጥል ይክፈሉ ይላል በእንግሊዝኛ። የግድግዳውን ኮድ፣ ሥራው ሊጀመር ሲል፣ ከወረቀቶቹ ለይቼ እንደ አዲስ የሠራሁት በኢንተርኔት ካገኘሁት የኮድ መሥሪያ ገጽ ነበር። ነፃ የሚለው በትልቁ፣ ለአሥራ አራት ቀን የሚለው በትንሹ ተጽፎ ኖሯል። እኔ ደግሞ የመረጥኩት ዓይነት የኛን አድራሻ በውስጡ የማይዘውን ነው። የሚይዘው የድርጅቱን አድራሻ ነው፤ ድርጅቱ ተቀብሎ ወደኛ ያሻግራል። ይህን የመረጥኩት ስንት ሰው እንደደገነበት ስለሚቆጥርልኝ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ፊት ቁጥር ለማቅረብ።

ያን ቀን መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ማንም ሳያውቅ አስተካክለዋለሁ ብዬ ለድርጅቱ ጻፍኩ፤ መልስ የለም። ልክፈል ብል የሚቀበለው የውጭ ባንክ ካርድ ነው፤ ከየት አምጥቼ? እኔ እንዲህ ስባዝን ከተማው ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። አንድ ካሬ ከተሳሳተ ሌላ ቦታ ይወስዳል ተብሎ አልነበር? ይኸው ወሰደ። ዳይሬክተሩ በስብሰባ ላይ ሽማግሌው ተሳስቷል ብሎ ሲናገር እኔ ደብተሬን አገላብጥ ነበር። አቶ ካሳው ያዘዘውን ሰርዞ ባነር ከወልድያ አሳተመ።

ማክሰኞም ረቡዕም ከክፍል በመስኮት አያቸው ነበር። መሰላል ላይ ወጥተው፣ ያቺን የሰጠኋቸውን ወረቀት በአንድ እጃቸው ይዘው፣ በሌላው ካሬውን አንድ በአንድ እየነኩ ይቆጥራሉ። ፀሐዩ አናታቸው ላይ ነው። የማስተምረው ይጠፋብኝ ነበር። ግን አልወጣሁም።

ሐሙስ የኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ ቆሙ።

«ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት» አሉኝ። «ስድስት መቶ ሃያ አምስት ነው። አንዱም አልተሳሳተም። አሁን የኔን ትተሽ ያንቺን ንገሪኝ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ካሬዎቹ የኛን አድራሻ እንዳልያዙ፣ የሌላ ሰው ደጃፍ እንደሆነ፣ ደጃፉ እንደተዘጋ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«መቼ አወቅሽ?»

«ሰኞ።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው» አሉና ሄዱ።

ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄጄ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ነገርኩት። ይህን ያደረግሁት በዚያው ቀን ስለነበር ትልቅ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር። እሱ ወዲያና ወዲህ አየና በሩን ዘጋ። የትምህርት ቤቱ ስም ነው፣ በኛ መካከል ይቅር፣ ሌላ ኮድ አጽፈሽ አስተካክዪ አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። እሺታው እንዳቀለለኝ አልክድም።

ለጋሽ ይመር ለዳይሬክተሩ ተናግሬያለሁ ስላቸው ቀለም እያማሰሉ ነበር። ቀና ብለው አላዩኝም።

«ዳይሬክተሩ ታፔላ አያሠራኝም» አሉ። «የሚያሠሩኝ ጎብዬ ናቸው፤ ሮቢት ናቸው። ለነሱ ንገሪያቸው።»

ሁለተኛው ኮድ ሲሠራ ራሴ ስልኬን ይዤ ጎብዬ ሄጄ ለአቶ ካሳው አሳየዋለሁ አልኳቸው። ቃል ገባሁ። ባዶ እጅ ሄዶ ጥፋተኛ ነኝ ከማለት የሚሠራ ነገር ይዞ መሄድ ይሻላል መስሎኝ ነው።

አዲሱን ኮድ በኮምፒውተሬ ላይ፣ ያለ ማንም አገናኝ፣ አድራሻችንን ራሱን አስገብቼ ሠራሁት። አድራሻው ስለሚረዝም ካሬው በዝቶ ሃያ ዘጠኝ በሃያ ዘጠኝ ሆነ። ጋሽ ይመር ግን ብሩሽ አላነሱም። ያኛው በአሥራ አራት ቀን ሞተ፤ ይኼኛው በወረቀት ተለጥፎ ሃያ ቀን ይቆይ አሉ። ፈተናው እየደረሰ ነው ብዬ ለመንኳቸው። እንዲያውም ተቆጣሁ፤ ይኼኛው ጊዜ እንደማያልፍበት በመቶ መንገድ አስረዳኋቸው። አልሰሙኝም። ወረቀቱ የመምህራን ክፍል በር ላይ ተለጠፈ፤ እሳቸው በየሁለት ቀኑ እየመጡ አንድ ተማሪ ይጠሩና ያስደግኑታል። ከተከፈተ አንገታቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ። ሃያዎቹ ቀናት ለኔ ዓመት ሆኑብኝ። አሁን ሳስበው ያልታመነችው ወረቀቷ አልነበረችም፤ እኔ ነኝ።

በሃያ አንደኛው ቀን ግድግዳውን እንደገና ነጭ ቀቡት። በዚህኛው ጊዜ ወረቀቱን እኔ ያዝኩ። እነሆ እሳቸው መሰላሉ ላይ፣ እኔ ታች ሆኜ በየመስመሩ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር እያልኩ አነባለሁ። በአራቱም ቀን «ቀጥዪ» ከሚለው ቃል በቀር አላናገሩኝም። ስምንት መቶ አርባ አንድ ካሬ ጠራሁላቸው። ድምፄ ተዘጋ። አልቆ ሲሠራ ተማሪዎቹ አጨበጨቡ፤ እሳቸው ግን ጎብዬ መቼ ነው የምትሄጂው ብለው ጠየቁኝ። ቅዳሜ አልኳቸው።

ቅዳሜ ማካካሻ ትምህርት ነበረኝ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ይሻላል ብዬ ተውኩት። ኮዱ በተጻፈ በዘጠነኛው ቀን፣ ከቅዳሜው በፊት፣ የስልክ ዳታ ጠፋ። በኛ ብቻ አይደለም፤ አካባቢው ሁሉ ጠፋበት። መቼ እንደሚመለስ የሚነግረን አልነበረም። ተማሪዎቹ ግድግዳው ፊት ተደርድረው ስልካቸውን ይደግኑና ያች ክብ ነገር ስትሽከረከር አይተው ይመለሳሉ። ማስታወሻውን ከኮምፒውተሬ ላይ በእጃቸው እንዲገለብጡ አደረግሁ፤ ለአርባ ልጅ አንድ ስክሪን፣ እሱም መብራት ሲኖር። ከተማው ግን ለሁለቱ ብልሽቶች ሁለት ምክንያት መፈለግ አላስፈለገውም። የይመር ኮድ ዳግመኛ ተበላሸ ተባለ። ባዶ ግድግዳ ቢሆን እንኳ ይሻል ነበር፤ ያች ትልቅ ጥቁርና ነጭ ነገር መንገድ ዳር ቆማ ስማቸውን ስታስጠራ ትውላለች።

ጋሽ ይመር አንድ ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቁኝ። ዛሬስ የማን ጥፋት ነው አሉኝ። የኛ አይደለም፣ ኔትወርኩ ነው አልኳቸው። ለማን ነው ታዲያ የምንነግረው አሉኝ። ከዚያ ጎብዬን አነሱ። አሁን ሄጄ ምን አሳየዋለሁ፣ ኔትወርኩ ይመለስና እሄዳለሁ አልኩ።

«ለመናገር ኔትወርክ አያስፈልግም» አሉኝ።

አልተቆጡም። ሁልጊዜ የሚቆጡት ሰው ያን ቀን በዝግታ ነው የተናገሩት፤ ዐይናቸውም ከጀርባዬ ያለውን ጽሑፍ ሳይሆን እኔን ነው ያየው። ብቆጣቸው ደስ ባለኝ ነበር። ምን ብዬ እቆጣለሁ?

ከሁለት ወር በኋላ ወደ ሮቢት ተዛወርኩ። ዳታው ሳይመለስ ዳይሬክተሩ የሚያስቅብን ነገር ይጥፋ ብሎ ኮዱን በክሬም ቀለም አስቀባው፤ ለመቀባቱም ጋሽ ይመርን አልጠራቸውም። ዳታው ሲመለስ የሚደገንበት ነገር አልነበረም። ሮቢት ከኮቦ ቅርብ ነው፤ ጎብዬም ቢሆን ቅርብ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ በጎብዬ አልፌያለሁ፤ በካሳው ካፌ ፊት ለፊት አውቶቡስ ቆሞ ሰው ሲያወርድ በመስኮት አይቼዋለሁ። አንድም ቀን አልወረድኩም። ጋሽ ይመር ኩላሊታቸውን ታመዋል ሲባል ሰምቼ ነበር። እሄዳለሁ አልኩ። ይህንንም እሄዳለሁ ብዬ ነው ያለፍኩት።

የሞታቸውን ዜና በሰማሁ ማግስት ለቅሶ ልደርስ ኮቦ ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፤ ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላው። ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ዱዓው ካበቃ በኋላ ሰዉ ስለሳቸው ማውራት ጀመረ። አንዱ የመድኃኒት ቤቱን ታሪክ አነሳ፤ ሳቁ። ከዚያ አቶ ካሳው ተናገረ። የካፌውን ታፔላ ከሃያ ዓመት በፊት የጻፉለት እሳቸው እንደሆኑ፣ ፊደሉ እስከዛሬ እንዳልለቀቀ አወራ። በክፋት አልነበረም፤ እንዲያውም በፍቅር ነው የጨመረው። ያቺ ኮድ ብቻ አሸነፈቻቸው፣ ዕድሜ ነው፣ ዐይን ይደክማል፣ አላህ ይማራቸው አለ። ሽማግሌዎቹ አሚን አሉ።

ተነሥቼ ቆምኩ። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። በሴቶቹ በኩል ሰው ቆሞ መናገሩ እንግዳ ስለሆነ ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«የጋሽ ይመር ዐይን አልደከመም» አልኩ። «የመጀመሪያው ኮድ አንድም ካሬ አልተሳሳተም። ለአሥራ አራት ቀን ብቻ የሚሠራ ኮድ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ሁለተኛውም ትክክል ነበር፤ የጠፋው ዳታው ነው። ይህን እያወቅሁ ሁለት ዓመት ዝም አልኩ።»

አቶ ካሳው ከወንዶቹ መካከል ቀና አለ።

«ያኔ ብትነግሪኝ ምን ነበር?» አለኝ። «ጎብዬ እኮ ሩቅ አይደለም።»

እትዬ ዘሃራ የነጠላዬን ጫፍ ይዘው ወደ ታች ሳብ አደረጉኝና ተቀመጥኩ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ እኔ አውቅ ነበር አሉኝ። ጋሽ ይመር ያን ሐሙስ ከትምህርት ቤት እንደተመለሱ ነግረዋቸው ኖሯል። እትዬ ዘሃራ ተናደው ጎብዬ ሄጄ ለካሳው እናገራለሁ ሲሉ የከለከሏቸው ጋሽ ይመር ራሳቸው ናቸው።

«‹ተዪ፣ ራሷ ትናገረዋለች› አለኝ» አሉኝ። «አልጋ ላይ ወድቆ እንኳ፣ ከጎብዬ ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ፣ ‹መምህርቷ እናንተ ዘንድ መጥታ ነበር?› ይል ነበር።»